የፕሮፌሰሩ ኮትና የልብሱ ገመድ

በሩ አጠገብ ያለው የወርክሾፕ ጠረጴዛ ስምንት ወር ሙሉ የሁለቱ ነበር፤ የቁንዶና የፊውዝ። ቁንዶ የተባለችው ትንሽ ሆና ስለምታቃጥል ነው። ፊውዝ ስሙን ያገኘው አንደኛ ዓመት ላይ የሕንፃውን መብራት በሙሉ ድርግም ባደረገ ቀን ነው። አሁን ማስታወቂያ ወጥቷል፤ በፈጠራ ውድድሩ ከአንድ እስከ ሦስት የወጡ በወርክሾፑ ይቀጥላሉ፣ የቀሩት ዕቃቸውን ሰብስበው ይለቃሉ።

ይዘው የቀረቡት ዝናብ ሲመጣ የተሰጣ ልብስ በራሱ የሚሰበስብ ገመድ ነው። ጫፉ ላይ መዳፍ የምታህል ሳህን አለች። ጠብታ ሲነካት ሞተሩ ይነሳና ገመዱን ከነልብሱ ወደ ክዳኑ ሥር ይስባል። ዝናብ አባርቶ እንዳያታልለው፣ ከመጨረሻዋ ጠብታ በኋላ ሁለት ደቂቃ ቆጥሮ ነው መልሶ የሚያወጣው።

ሳህኗን የፈተነቻት የቁንዶ እናት ናት። የሰው ልብስ አጥባ ልጅ ያሳደገች ሴት ስለሆነች በዝናብ አትቀልድም። መጀመሪያ በጣቷ ውሃ ረጨት አድርጋ፣ “ይሄ እስኪሰማ ልብሱ በስብሷል” አለች። ፊውዝ አስተካከለ። እሷ ጠብታውን አሳነሰች፤ እሱ እንደገና አስተካከለ። በመጨረሻ፣ ልብስ ስትተኩስ እንደምታደርገው፣ ውሃ በአፏ ይዛ እፍ አለችበት። ገመዱ ሽው ብሎ ገባ።

“አሁን ሰማ” አለች። በዚያው ተዉት።

የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ዳኛው ማን እንደሆኑ አላሰቡም።

ፕሮፌሰሩ ሲያስተምሩ የፊት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ሲናገሩ ምራቃቸው ይፈናጠራል፣ ሲናገሩ ደግሞ ይውላሉ። ዛሬም በውድድሩ አዳራሽ ከቀረቡት ቡድኖች ሐሳቡን የጨረሰ የለም። ድሮን ሠሪዎቹ “የኛ ድሮን” እንዳሉ፣ ስለ ድሮን አሥር ደቂቃ አስረድተዋቸው፣ አመስግነው አለፉ።

“እኛንም እንዲሁ ሊያልፉን ነው” አለች ቁንዶ።

“ቶሎ ቶሎ ተናገሪያ።”

“ጨረታ ነው እንዴ የማጫርተው?”

የመጨረሻ ተራ የነሱ ነበር። ፕሮፌሰሩ ሁለተኛዋን ዳኛ፣ ከፋብሪካ የመጣችውን መሐንዲስ፣ አስከትለው ደረሱ።

“ልብሱስ?” አሉ።

ልብስ ሊያመጣ ቃል የገባው ፊውዝ ጣራ ጣራውን አየ። ፕሮፌሰሩ ኮታቸውን አውልቀው ሰጡት፤ ቁንዶ በሁለት መቆንጠጫ ገመዱ ላይ ሰቀለችው።

“የኛ ገመድ” ብላ ጀመረች።

“ገመድ እኮ” አሉ ፕሮፌሰሩ ወደ ሳህኗ ጎንበስ ብለው፣ “ገመድ ሲባል በመጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ...”

ሽው። ኮቱ እጅጌውን እያውለበለበ ክዳኑ ሥር ገባ።

“የነጥብ ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነው” አለች መሐንዲሷ። “ማጥፊያ የለውም?”

“አለው። ኮቱ ሥር ነው፤ ኮቱን ብንጎትተው ደግሞ ይቀደዳል” አለ ፊውዝ። “ፕሮፌሰር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሁለት ደቂቃ ባይናገሩ።”

“እኔ?” አሉ። ሞተሩ አጉረመረመ።

“እንደገና ሁለት ደቂቃ” አለ ፊውዝ።

“ግን ለምን...”

“እንደገና።”

ሊያይ የተሰበሰበው ተማሪ ከኋላ አጥሮ ስለያዛቸው ፕሮፌሰሩ ከሳህኗ መራቅ አልቻሉም። አፋቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። አዳራሹ እሳቸውን ዝም ብለው አይቶ አያውቅም።

ቁንዶ ዙሪያዋን ቃኘች። የሚያቋርጣት የለም። የእናቷን የዝናብ ሩጫ፣ ተመልሶ የሚታጠበውን ልብስ፣ ያቃጠሏቸውን አራት ሞተሮች፣ ሁሉንም ተናገረች።

“ምራቅና ዝናብ አይለይም ማለት ነው?” አለች መሐንዲሷ።

“አይለይም። እናቴም አትለይም። ንጹሕ ልብስ ላይ ከወረደ፣ ለሷ ሁለቱም ያው ናቸው።”

የፕሮፌሰሩ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቃቸው እንዳያመልጥ ሁለተኛ እጃቸውን ደረቡበት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

“አይዞዎት ፕሮፌሰር፣ አርባ ሰከንድ ቀረዎት” አለ አንዱ ከኋላ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ቁልቁል ይቆጥር ጀመር።

ገመዱ ኮቱን ይዞ ወጣ። ፕሮፌሰሩ ኮታቸውን ለበሱ፣ ወረቀቱን አውጥተው ጻፉ፣ ለመሐንዲሷ አሳዩዋት። እሷም የራሷን ጨምራ ደመረችው። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ፊውዝ ሳህኗን በሁለት እጁ ሸፈናት።

“ሦስተኛ ናችሁ” አሉ። “ድሮኑ በልጧችኋል። ጠረጴዛችሁን ግን ማንም አይነካባችሁም። ጠረጴዛ ሲባል ደግሞ...”

ቁንዶ ዘላ የፊውዝ አንገት ላይ ተጠመጠመች። እጁ ከሳህኗ ተነሳ፤ ገመዱም ባዶውን ሽው ብሎ ገባ።