ዜሮ ለዜሮ በአስመራ

ሳህለ ተነሥቶ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሸዋረጋ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

የባሏ የኃይለልዑል ሙት ዓመት ነው። ሰዉ ከቅዳሴ በኋላ ለንደን ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ምሳውን በልቷል፤ አሁን ተራው የንግግር ነው። ዓመቱን ሙሉ ያደከማት ይኸው ንግግር ነበር። በለቅሶው፣ በአርባው፣ ክሮይደን ድረስ በሄደችበት ክርስትና ሳይቀር ያገኛት ሁሉ ሟቹን ያወድስላታል። ትዕግሥተኛ ነበር። ክፉ ቃል አይወጣውም ነበር። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ውዳሴ በተጨመረ ቁጥር ግን እልኸኛው፣ ነገር የማይለቀው፣ ሲሸነፍ የሚያኮርፈው ባሏ ይርቃታል።

እንደ ድሮው የቀረላት ያ ጨዋታ ብቻ ነው።

ኃይለልዑልና ሳህለ አስመራ ተማሪዎች ሳሉ፣ ቃኘው ጦር ሰፈር ከነበሩት አሜሪካኖች ቤዝቦል ለምደው ነበር። ሁለቱም ለየትምህርት ቤታቸው ኳስ ወርዋሪዎች ነበሩ። በቤዝቦል ጌታው ወርዋሪው ነው፤ እሱ ከበረታ መቺው ዱላውን አየር ላይ አወዛውዞ ይመለሳል። አንድ ቅዳሜ ሁለቱ ገጠሙ፤ ሁለቱም በረቱ። አንድም ነጥብ ሳይገባ መሸና ኳሷ አልታይ አለች። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ተቀጠሩ። በዚያው ሳምንት መኮንን የነበሩት የኃይለልዑል አባት ወደ ሐረር ተዛወሩና ግጥሚያው ሳይደገም ቀረ።

ለንደን ላይ ሲገናኙ ጎልማሶች ነበሩ። ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ማን ያሸንፍ ነበር የሚለውን ክርክር ጀመሩት። ዌምብሊ ካለው የኃይለልዑል ሳሎን ተቀምጠው፣ ሁለት ኃያላን ወርዋሪዎች ተፋጥጠው ሰሌዳውን በዜሮ የሞሉባቸውን የድሮ የአሜሪካ ጨዋታዎች በቪዲዮ ያዩ ነበር፤ ወሬው ዞሮ ዞሮ አስመራ ይገባ ነበር። ሸዋረጋ ሻይ ስታቀርብ ኖራ የሁለቱንም ክርክር በቃሏ ይዛዋለች።

«ዛሬ አንድ ነገር ልናገር» አለ ሳህለ፣ ጠረጴዛውን ተደግፎ። «በሕይወት ሳለ አላምንለት ብዬ ነበር። ያን ቀን ያሸነፈው እሱ ነው።»

አዳራሹ በሐዘኔታ አጉረመረመ። ሳህለ ቀና ብሎ አያት። ስጦታ ይዞላት መምጣቱ ነው፤ ወጉም ይኸው ነው፤ ከሙት ጋር ማን ይሟገታል? እግዜር ይስጥልኝ ብትለው ጨዋታው እዚህ ያልቃል። ኃይለልዑልም አብሮ ያልቃል።

«አላሸነፈህም» አለች።

«ተይ እንጂ፣ ሸዋረጋ።»

«ዜሮ ለዜሮ ነው የወጣችሁት። ይህን ቢሰማ ‹ደግሞ ሳህለ ለእኔ ሊያዝንልኝ?› ብሎ ሳምንት ያኮርፍህ ነበር።»

«ሳምንት ብቻ?» አለች ጎረቤቷ እታለማሁ። «እኔ ካርታ ብረታው ፋሲካን ሲያኮርፍ ዋለ።»

ከኋላ በኩል ሰዎች ሳቁ። የሳህለ የአፉ ጥግ ቀስ ብሎ ተፈታ።

«እንግዲያው እውነቱን ልናገራ። ጨለማው ደረሰለት እንጂ፣ እኛ ነጥብ ልናገባ አንዲት ምት ነበረች የቀረችን።»

«ጨለማውማ የደረሰው ለአንተ ነው። ክንድህ ዝሎ ኳሷ መሬት መሬት ትል ነበር።»

ቃሉ የእሷ አልነበረም። የኃይለልዑል ነበር፤ ከነአነጋገሩ፣ ከነንቀቱ።

«የእኔ ክንድ?» አለ ሳህለ፣ ወንበሩን ወደ እሷ እየጎተተ። «የእኔ ክንድ ዛለ?»

ሸዋረጋ ደክሟታል። ቢሆንም ሳህኗን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት።