ለተማርያም ጥያቄ አበዛች

ለተማርያም ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ዕድሜዋ አርባን ሲጠጋ ነው። አስተማሪዋ በየቀኑ ካልጻፈችበት ፊደሉ ጥሏት እንደሚሄድ አስጠንቅቋት ነበርና፣ በጽዳት ወደምትሠራበት ክሊኒክ ከመውጣቷ በፊት ጠዋት ጠዋት ደብተሯ ላይ ታቀረቅር ጀመር።

ችግሩ የሚጻፍ ነገር ማጣቷ ነበር። «ዛሬ ውሃ ቀዳሁ» ብላ ጻፈች። በማግስቱም ውሃ ቀድታ ነበርና ያንኑ ደገመችው። ብዙም ሳይቆይ የገዛ ጽሑፏ አንገሸገሻት።

ወታደር ባሏን ተከትላ ከመንዝ ሐረር ከገባች ዓመታት ቢያልፉም፣ ከጎረቤት ጋር ከሰላምታ ያለፈ ወሬ አልነበራትም። አሁን ግን መጠየቅ ጀመረች። የከተማዋ መግቢያ ኤረር በር ላይ እንጨት የሚያወርዱትን ገበሬዎች ከየት እንደሚመጡ፣ አከራይዋን እማማ ዘሀራን ኮፍያ ሲሰፉ የክሩን ቀለም በምን እንደሚመርጡ፣ ውሃ ቦኖ ላይ ወረፋ የሚጠብቁትን ሴቶች የማን ልጅ የት እንደዘመተ ትጠይቃለች። የሰማችውን ሲነጋ ትጽፈዋለች። ገጹ ሲሞላ ደስ ይላት ነበር።

ደስታዋ አልቆየም። ቦኖው ጋ ስትደርስ ጨዋታው ይቋረጥ ጀመር። ደህና ታጫውታት የነበረችው ሩቂያ እንኳ ጀሪካኗን አንስታ ዞር አለች። እንጨት ሻጮቹም ከ«አናውቅም» ሌላ መልስ አጡ። ለተማርያም በገነች። ምን በደለቻቸው?

በመጨረሻ እማማ ዘሀራን ፊት ለፊት ጠየቀቻቸው። አሮጊቷ መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰኩ።

«ልጄ፣ ትጠይቂያለሽ፤ ከዚያ ትጽፊያለሽ። የወታደር ሚስት ነሽ። ሰዉ ወረቀቱ የት እንደሚደርስ በምን ይወቅ?»

ያኔ ገባት። ለቀበሌ ወሬ አቀባይ አድርገው ቆጥረዋታል። እልህ ይዟት ደብተሯን አምጥታ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አለችና እየተንተባተበች ታነብላቸው ገባች። እማማ ዘሀራ በየመስመሩ ያስቆሟታል፤ ወላሂ እንዲህ አልወጣኝም፣ ይኼንንም አጣመሽው እያሉ አሰረዟት። ልፋቷ ሁሉ ሲሰረዝ ደሟ ፈላ።

ስትጨርስ፣ «የኛን ጽፈሻል፤ ያንቺስ የታል?» አሏት።

የሷ አልነበረም። ባሏ ሰሜን ግንባር መሄዱን ሰፈሩ ያውቃል፤ ደብዳቤው ከቀረ መክረሙን፣ ጦር ሰፈሩ በር ላይ ስትጠይቅ ነገ ነይ እያሉ እንደሚመልሷት ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ያን ቀን ለእማማ ዘሀራ ተናገረች። ሲነጋ ልትጽፈው ሞከረች። ሁለት መስመር ጽፋ ቀደደችው፤ እንደገና ጻፈች፤ እሱም አላማራትም።

ቦኖ ላይም መጠየቁን ትታ የራሷን አወራች። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን እየሞሉ ሄዱ። አብዛኞቹ ከዚያም በኋላ አላናገሯትም። ሩቂያ ግን ተከትላት መጥታ፣ ጦር ሰፈሩ ጋ የምታነጋግረው ማንን እንደሆነ ቀስ ብላ ጠየቀቻት። ወንድሟ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወሬው ጠፍቷል።

አብረው ሄዱ። ነገ ኑ ተባሉ። እየተራገሙ ሲመለሱ፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ሩቂያ ሳትጠየቅ ስለ ወንድሟ ታወራ ጀመር፤ አወራሩን፣ አኩራፊነቱን፣ የተወሰደበትን ቀን።

«ይኼን ጻፊው» አለች። «ዑመር ነው ስሙ። እንዳታበላሺው።»

ለተማርያም ስሙ በየትኛው «ኡ» እንደሚጻፍ ጠፋት። መንገድ መሐል ቆማ ያን ሁሉ ፊደል የፈጠረውን ረገመች።