ያለ ቦታቸው የተለጠፉ ሁለት ስሞች

ሰው ሁሉ የሚስቅባቸው ሁለት ጎረቤት ወረዳዎች አሉ። «ሰፊ ሜዳ» የሚባለው ወረዳ ዳገቱ ፍየል ያስለቅሳል፤ «ሰባት ጉብታ» የሚባለው ደግሞ ኳስ ብታስቀምጡበት ንቅንቅ አይልም። ታዲያ አዋቂ ነኝ ባይ ሁሉ ምክንያት ሲፈጥርለት ኖሯል፤ ጥንት ሜዳ ነበር፣ ኋላ መሬቱ አበጠ ያለም አልጠፋ። ወሬ ነው። እውነቱን የሚያውቅ በሕይወት የቀረ ሰው ቢኖር ጡረታ የወጣው ካርታ ነዳፊ ብቻ ነው።

ያኔ አንዱ ትልቅ ወረዳ ለሁለት ሲከፈል ድንበሩን ያሰመረው እሱ ነው፤ ስሞቹን የለጠፈችው ደግሞ ኋላ ሚስቱ የሆነችው ባልደረባው ናት። ከሥሩ መብራት በበራበት የመስታወት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። በስስ ወረቀት የታተመውን ስም በመቀስ ትቆርጣለች፣ ጀርባውን ሙጫ ትቀባለች፣ በወረንጦ አንሥታ ቦታው ላይ ታሳርፋለች። ስም በወረንጦ የያዘን ሰው ማናገር ክልክል ነው፤ የቢሮው ሕግ ነበር። እሱ ግን የዚያን ቀን አላስችል አለውና፣ የሁለቱን ወረዳዎች ስም ልትለጥፍ ስትል «ታገቢኛለሽ?» አላት። ቀና ሳትል «እሺ» አለችው። ስሞቹንም አቀያይራ ለጠፈቻቸው።

ስህተቱ የታወቀው ካርታው ታትሞ፣ መንገድ ዳር ሰሌዳ ከተተከለ በኋላ ነው። አለቃቸው «በሚቀጥለው እትም ይታረማል» አለ፤ እትሙ ሳይመጣ እሱም ጡረታ ወጣ። ነዳፊው ከሚስቱ ጋር በሰሌዳው በኩል ባለፉ ቁጥር «ይኸው፣ እሺ ያልሽኝ በአደባባይ ተጽፏል» እያለ ያበሽቃት ነበር። ትስቅና ወዲያው ፊቷን ታዞራለች። «እስቲ ሳልሞት ቢያርሙልኝ» ትል ነበር፤ በሥራዋ ቀልድ አታውቅማ። ሳይታረም ሞተች።

ዘንድሮ ታዲያ ወረዳዎቹ «ስማችን ይታረም ወይስ ይቅር?» ብለው ስብሰባ ጠሩ፤ ነዳፊውም መጥቶ እንዲመሰክር ተባለ። ልጁ በመኪናዋ ወሰደችው። መንገዱን ሙሉ ልጁ እየሰማችው የሚናገረውን ውሸት ሲያሰናዳ ነበር። «ሽማግሌዎች ያወጡት ስም ነው፣ አትንኩት» ሊላቸው። ስሞቹ ከተነሡ ያቺ ቀን የምትታይበት ሌላ ነገር የለም።

የስብሰባው ክፍል ግድግዳ ላይ የድሮው ካርታ ተሰቅሏል። መነጽሩን ወልወል አድርጎ ተጠጋ። ሁለቱ ስሞች ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ አንዷ ፊደል እንኳ አልተዛነፈችም። የእጇን ሥራ አወቀው። እንዲህ የምትጠነቀቅ ሴት በዚች አንዲት ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ስትሳቀቅ መኖሯ፣ እሱም ሲቀልድባት መኖሩ አንጀቱን በላው።

«አባባ፣ እንዴት ነበር ነገሩ?» አለ ሰብሳቢው።

«ተቀያይረው ነው የተለጠፉት። አርሟቸው።»

«ማን ነው የቀያየራቸው?»

«ለጣፊዋ ጥፋት የለባትም። ሥራ ላይ እያለች ያናገርኳት እኔ ነኝ።»

ሰብሳቢው «ምን ብለው አናገሯት?» ብሎ አልጠየቀም። ከዚያ ስሞቹ ይታረሙ ተብሎ እጅ ወጣ።

መኪናው ውስጥ እንደገቡ ልጁ ሞተሩን ሳታስነሣ ጠየቀችው። «አባዬ፣ ስንመጣ አይነካም ስትል አልነበር? ምን ነካህ?»

«እኔማ አሁንም እንዲነካ አልፈልግም» አለ። «እንዲታረም የፈለገችው እናትሽ ናት።» ይህን ብሎ ልጁ ፊት ሳያፍር አለቀሰ።