ዘግተህ ስጠው

«ኧረ እናንተ ሰዎች! በዚህ ቤት ውስጥ ቢላ ይጥፋ?»

አክስት በአንድ እጇ ዳቦ፣ በሌላው ባዶ ትሪ ይዛ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞች እርስ በርስ ተያዩ። አንዲት ጎረቤት ሳቅ አምልጧት አፏን በመሀረብ ሸፈነች፤ አይፈረድባትም። ሟቹ መጽሐፍ ጠራዥ አርባ ሦስት ሰንጢ ትቶ ነው የሞተው። የቀንድ እጀታ ያለው፣ የእንጨት፣ የአጥንት፣ አንዱ ከጣት የማይበልጥ፣ አንዱ መዳፍ የሚሞላ፤ ሁሉም ታጣፊ፣ ሁሉም ጢም የሚላጭ። የወጥ ቤቱ ቢላ ግን አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም በቀብሩ ግርግር የገባበት ጠፍቷል።

«እታለም፣ ከአባትሽ ሣጥን አንዱን አምጪልኝ» አለች አክስት። «ሰዉ ባዶ ሻይ እየጠጣ ነው።»

እታለም የሟቹ ታላቅ ልጅ ናት። መዝገብ ላይ ያለው ስሟ ሌላ ነው፤ ታናሽ ወንድሟ አፉን ሲፈታ እንዲያ ብሎ ጠራትና በዚያው ቀረ። ትናንት አባቷን ቀብራለች፤ ዓይኗ አብጧል፣ ድምጿ ተዘግቷል። ልትነሳ ስትል ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ወንድሟ ቀደማት።

«ሣጥኑን ማንም አይከፍትም። ዳቦውን በእጃችሁ ቁረሱት።»

ጮክ ብሎ አልነበረም የተናገረው። ግን ቀኝ እጁን አንሥቶ ነበር፤ ሌባ ጣቱ እንደወትሮው ቀጥ ብሎ የአባቱን ክፍል በር አመለከተ። ያ ጣት አይታጠፍም። ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ታጥፎ አያውቅም። ትምህርት ቤት «ጠቋሚው» ይሉት ነበር፤ ሲቆጣም ሲያመሰግንም ሰው የሚከስ ይመስላል። ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ ደርሷል፣ ለአክስት ግን ዛሬም ማሙሽ ነው።

«እሺ ማሙሽዬ፣ እንዳልክ» አለች ዳቦውን እየገመሰች።

ማሙሽ ቀብሩ አምልጦት የደረሰው ዛሬ ጠዋት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የዚህን ቤት ደጃፍ አልረገጠም። ሲገባ ሴቶቹ አቅፈው አለቀሱለት፣ ወንዶቹ ትከሻውን ያዙት፣ «እግዜር ያጽናህ» ተባለ። እሱ ግን እንባ የሚባል አልወጣውም። «ነገ ስድስት ሰዓት አውቶብስ አለኝ» ነበር የመጀመሪያ ቃሉ። ይሄ ደግሞ ለለቀስተኛ የሚነገር ነገር ነው?

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ሹክሹክታው እሱ ዘንድ አልደረሰም። እታለም ግን የሻይ ብርጭቆ ስትሰበስብ አንድም አላመለጣትም።

«ጣቱን አየሽው? አባትየው ነው እኮ! ሳይፈትሽ ለሰባት ዓመት ሕፃን ሰንጢ ይሰጣል?»

«ከልጁ ይልቅ ብረቱን ይወድ ነበር አሉ።»

«ኤዲያ፣ ብቻ ነፍሱን ይማረው።»

የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። እታለም ዞር ብላ «ውሸት ነው!» ማለት ነበረባት። አላለችም። ሃያ ሁለት ዓመት ዝም ያለ አፍ እንዲህ በዋዛ አይከፈትም።

ጥግ ይዞ የተቀመጠው ሰዓት ሠሪ፣ የሟቹ የዕድሜ ልክ ጓደኛ፣ ጨዋታ ሊያመጣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ አንዲት የቀንድ ሰንጢ ነበረችኝ፣ የአባቴ። ሞላዋ ቢሰበር "አምጣት ልጠግናት" ብሎ ወሰደ። ስምንት ዓመት! በጠየቅኩት ቁጥር "ቆይ፣ ገና አልተግባባንም" ይለኛል።»

ሳሎኑ በሳቅ ተሞላ፣ ወዲያው ደግሞ አፈረና ጸጥ አለ።

ሰውየው እንዲያ ነበር። ከአሮጌ ዕቃ ተራ ዝገት የበላውን ሰንጢ ለቅሞ ይመጣል፤ ነጭ ጋዝ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፣ ሞላ ይሠራለታል፣ ስለቱን በድንጋይ ያወጣዋል። ታዲያ ለመደርደሪያ አይደለም። በየሳምንቱ ተራ የደረሰውን ከሣጥን አውጥቶ ኪሱ ይከተዋል፤ ሳምንቱን በሙሉ የጥራዝ ክር የሚበጥሰው፣ ቆዳ የሚቀደው፣ ብርቱካን የሚልጠው በሱው ነው። «ሥራ የፈታ ስለት ይዝጋል» ይል ነበር። ሐሳብ ሲይዘው እንኳ አፉ ዝም ይልና ኪሱ ያወራል፤ ሰንጢው ሲከፈት ጠቅ፣ ሲዘጋ ጠቅ።

ልጆቹን ያስተማራቸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሲከፈት ጠቅ የማይል ሰንጢ አይታመንም፤ ሞላው አልያዘውምና በጣትህ ላይ ይዘጋል። ሁለተኛ፣ ሰንጢ ለሰው ሲሰጥ ተዘግቶ ነው።

«ሰውየው ቢቸኩልስ?» ይላል ማሙሽ፣ ያኔ ጣቱም አንደበቱም እንደ ልቡ።

«ዘግተህ ስጠው።»

«ቢሰድበኝስ?»

«ዘግተህ ስጠው።»

«በጣም፣ በጣም ቢያናድደኝስ?»

«ዓይኑን ማየት የማትፈልገው ሰው ቢሆን እንኳ፣ አንተ ዘግተህ ስጠው። ጠቡ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።»

ማሙሽ ሰባት ዓመት ሲሞላው አባቱ የወይራ እጀታ ያላት ትንሽ ሰንጢ ሰጠው። ሞላዋ ጠንካራ ነበር፤ የልጁ ጥፍር አልችል አለና አለቀሰ። እታለም ያን ጊዜ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በአባቷ ሱቅ ሞረድ እንድትይዝ የተፈቀደላት እሷ ብቻ ነበረች፣ በዚያም ትኮራ ነበር። አባቷ ምሳ በሄደበት ሰንጢዋን ብረት በሚጨብጠው ማሠሪያ ላይ አጥብቃ፣ ስለቱ ሲከፈት ሞላው የሚይዘውን ማዕዘን በሞረድ አለዘበችው። አባቷ ጠንካራ ሰንጢ እንዲህ ሲያላላ አይታለች። መቼ እንደሚያቆም ግን አላየችም።

ሰንጢዋ በሕፃን ጥፍር ተከፈተች። ጠቅ ግን አላለችም። እታለም ጠቅ እንዳላለች ሰምታለች። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ፤ ሰምታ ነው የሰጠችው። ወንድሟ በደስታ ሲዘል «ቆይ መልስ» ማለት አቃታት።

በማግስቱ ዱላ ሲጠርብ ስለቱ ጣቱ ላይ ተዘጋ፤ ጅማቱን ቆረጠው። ከሐኪም ቤት ሲመለሱ አባትየው ሰንጢዋን ከመሬት አነሣ፣ ደሙን ጠረገ፣ ማዕዘኑን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። ከዚያ ቀና ብሎ እታለምን አያት። ክው አለች። እሱ ግን ሰንጢዋን ኪሱ ከተተና ወደ ሚስቱ ዞረ።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ሳልፈትሽ ሰጠሁት።»

እናታቸው እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ «ያንተ ብረት!» ስትለው ኖረች። አንድ ቀን እንኳ አልመለሰላትም። ማሙሽ አሥራ ስምንት ሲሞላው ደግሞ አባቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛው ላይ አኖረለት። ገለጥ ሲያደርገው ያችው የወይራ እጀታ። ጣቱን የበላችውን ሰንጢ መልሶ መስጠት! ሞኝነት ነበር፣ ሌላ ምን ይባላል። ማሙሽ ሳይከፍታት ግድግዳው ላይ ወርውሮ ወጣ። በዚያው ቀረ። ለእህቱ ግን በየእሑዱ ይደውልላታል። በዚህ ዓለም ላይ የሚያምናት እሷን ብቻ እንደሆነ ደጋግሞ ነግሯታል።

«አባዬ፣ ልንገረው?» ብላው ነበር፣ ማሙሽ በሄደ በዓመቱ።

አባቷ የመጽሐፍ ጀርባ እየሰፋ ነበር፤ መርፌውን አላቆመም። «እኔን ቢጠላ አንቺ ትቀሪለታለሽ። አንቺን ከጠላ ማን አለው? ሆድ ይፍጀው ልጄ።»

ሆዷ ፈጀው። ለአባቷ ስትል እንዳይመስላችሁ፤ ዝምታው ተመችቷት ነበር። በየእሑዱ ስልኩ ሲጮህ ደስ እያላት ታነሣለች፤ አባቷ ከማሠሪያው አጠገብ ሆኖ ያዳምጣል፤ እሷ «ሰላም ነው፣ ደህና ነው» ብላ ታልፈዋለች። ይኼን ስታስታውስ አሁን ራሷን ትጸየፋለች።

በሦስተኛው ቀን ሰዉ ሳሳ። አምስት ሰዓት ሲሆን እታለም የአባቷን ክፍል ከፍታ ብትገባ ማሙሽ አልጋው ጫፍ ላይ ሣጥኑን ከፍቶ፣ ሰንጢዎቹን እያፈሰ ጆንያ ውስጥ ይጥላል።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ድልድዩ ጋ ስደርስ ወንዝ ውስጥ እጥላቸዋለሁ።»

«ማሙሽ፣ በሞትኩት ተው።»

«ምኑን ነው የምተወው?» ጣቱ ተነሣ። «ላለቅስለት ፈልጌ ነው የመጣሁት፣ ገባሽ? ሌሊቱን ሙሉ መኪና ላይ "እንደ ልጅ አልቅሼ እቀብረዋለሁ" እያልኩ ነው የመጣሁት። እዚህ ስገባ ይቺን ጣት አያታለሁ፣ እንባዬ ይደርቅብኛል። አባቴ ሞቶ አላለቀስኩም! ወንዝ ውስጥ ስጥላቸው ምናልባት ይለቀኝ ይሆናል።»

ዝም ብትል ይጥላቸዋል፣ ይሄዳል፣ እሑድ ይደውላል። ከተናገረች እሑድ የለም። ሌላ ወንድም የላት፣ ሌላ እህት የላት። ወደ አልጋው ጠጋ አለች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑ?»

«ሰንጢዋን የሞረድኳት እኔ ነኝ። እየከበደህ ስታለቅስ አንጀቴን በላኸው፤ ማዕዘኑን በሞረድ በላሁት። ጠቅ እንዳላለች ሰምቻለሁ። ሰምቼ ነው የሰጠሁህ። አባዬ ምንም አያውቅም ነበር።»

ማሙሽ በእጁ የያዘውን የቀንድ ሰንጢ ቀስ ብሎ አልጋው ላይ አስቀመጠ።

«መቼ አወቀ?»

«ያኔውኑ። ደሙን ጠርጎ ሲዳብሳት።»

«እና ዝም አለ?»

«"አንቺን ከጠላ ማን አለው?" አለኝ።»

እታለም መሳቢያውን ከፈተች፤ የጥራዝ ሸራ ቁራጭ አውጥታ ጭኑ ላይ አኖረችለት። ውስጡ ያቺ የወይራ ሰንጢ ነበረች፣ ከግድግዳው ሥር አባቷ ካነሣት ጀምሮ እዚያው የኖረች።

«አልከፈትካትም ነበር» አለች።

ሰው ሰንጢ የሚከፍተው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጥጦ ነው፤ የሱ ሌባ ጣት አይቆነጥጥም። ሊተዋት ሲል የእጀታው ሁለት ጎን ግማሽ ክብ ሆኖ እንደ ተሞረደ አየ። አውራ ጣቱና መሀል ጣቱ እዚያች ክፍት ላይ ልክክ ብለው ስለቱን ያዙት። ሳበ። ጠቅ። ሲጨብጣት ደግሞ በእጀታው ጀርባ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ጎድጓዳ መስመር አለ፤ የማይታጠፈው ጣቱ እዚያ ላይ ተጋደመ። በዓለም ላይ ካለ እጅ ሁሉ ለዚህ እጅ ብቻ የተሠራች ናት።

ሳሎን ውስጥ ሰዓት ሠሪው ጨዋታውን አቋረጠ። ያንን ድምፅ ያውቀዋል።

ማሙሽ ሰንጢዋን እንደ ጨበጠ ጎንበስ አለና አለቀሰ። እንደ ልጅ አለቀሰ፣ «አባዬ፣ አባዬ» እያለ፣ ንፍጡ እየወረደ። እታለም ልትነካው እጇን ዘረጋች፤ ቀና ሲል ግን ዓይኑን አየችና እጇን መለሰች። ለአባቱ ብቻ ያስቀመጠው አስተያየት ነበር። አሁን ወደሷ ዞሯል።

«እታለም!» አለች አክስት ከወጥ ቤት፣ ምንም ሳታውቅ። «ያ ቢላ ዛሬም አልተገኘም፤ ብርቱካኑን በምን ልቁረጠው? አንድ ነገር ስጪኝ እባክሽ!»

ማሙሽ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ክፍት ሰንጢዋን እንደ ያዘ ክንዱን ወደ እህቱ ዘረጋ፤ ስለቱ ወደሷ ዞሮ ነበር። እሷም አልሸሸችም። የፈለገውን ቢያደርግ ይገባኛል ብላ ቆመች።

ክንዱን መልሶ ሰበሰበ። ጣቱን ከስለቱ አርቆ፣ ጀርባውን በጭኑ ገፍቶ፣ ቀስ ብሎ ዘጋት። ጠቅ። ዓይኗን ሳያይ፣ ዘግቶ ሰጣት።