ገመድ ላይ የተሰጣው ሹራብ

በኤፕሪል የመጨረሻ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ላሞች በሚታለቡበት ጊዜ፣ በረት ውስጥ የነበርነው አባቴ ቨርን፣ እህቴ ብሪታና እኔ ነን። እናቴ ዶሪን ቤት ውስጥ እራት ትሠራ ነበር። የወተት ቦቴው ሹፌር ዱዌይን ዘግየት ብሎ መጣ።

ማግስቱ ሜይ አንድ ነው። በከተማችን ትምህርት ቤት በዚያ ቀን ተመራቂዎች የሚገቡበትን ኮሌጅ ሹራብ ለብሰው ይመጣሉ። አንዴ ከተለበሰ በኋላ ሐሳብ የሚቀይር የለም።

ብሪታን ሁለት ቦታ ተቀብለዋታል። አንዱ የግዛታችን ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በመኪና ሁለት ሰዓት ይወስዳል፣ ሹራቡ ቀይ ነው። ሌላው ዊትኮም የሚባል፣ ወደ ምሥራቅ ጠረፍ ያለ፣ ጥቂት ሰው ብቻ የሚገባበት የግል ኮሌጅ ነው፤ የእሱ ሹራብ ወይን ጠጅ ነው። ብሪታ ሁለቱንም ሹራቦች ገዝታለች። ሁለቱም ወጪዋን ስለሚሸፍኑላት በገንዘብ ማሳበብ አልቻልንም። ዩኒቨርሲቲው ከገባች ዓርብ ዓርብ እየመጣች ታልባለች። ዊትኮም ከሄደች የምትመጣው ለገና ነው። የአባቴ ጉልበት ደግሞ ከበረዶው ወራት ጀምሮ አልታጠፍ ብሎታል። ነገሩን ለሳምንታት ስናወራው ከርመን ስለደከመን ትተነው ነበር።

ዱዌይን ቱቦውን ከወተት ማጠራቀሚያው ጋር እያያያዘ፣ «እንኳን ደስ ያለህ፣ ቨርን» አለ።

«በምን?»

«በልጅህ ነዋ። ወይን ጠጁ ሹራብ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየሁት። ከመንገድ ይታያል። ከተማው ምግብ ቤት ውስጥ እኮ ሌላ ወሬ የለም። በል እንግዲህ፣ በዚህ ጉልበትህ ተንበርክከህ ልታልብ ነው? ወይስ ላሞቹን ወንበር ላይ ታወጣቸዋለህ?»

አባቴ የላሟን ጡት መጥረጉን አላቆመም። ብሪታ ግን ቀና አለች።

«እኔ ገና አልወሰንኩም» አለች።

እናቴ ለእራት ልትጠራን መጥታ በሩ ላይ ቆማ ሰማች።

«እናንተ ሰዎች ምን ሆናችኋል? አዲስ ልብስ ሳይታጠብ አይለበስም። ቀዩ ቀለሙን ይለቅብኛል ብዬ ለብቻው ላጥበው ነው ያቆየሁት። ሌላ ነገር የለውም።»

«እኔ ያየሁትን ነው ያወራሁት» አለ ዱዌይን። ወተቱን ቀድቶ ሄደ። እናቴም ድስቱ እንዳያርባት ተመለሰች።

አባቴ ጨርቁን ባልዲው ውስጥ ጨመቀ። «ታዲያ የትኛው ነው?»

«አንተ ንገረኝ፣ አባዬ።»

«አልነግርሽም። ከነገርኩሽ ስድሳ ዓመት ሙሉ ታነሺብኛለሽ።»

«ስድሳ ዓመት አትኖርም።»

«እሱስ በዚህ ጉልበት አልኖርም።»

ሁለቱም ትንሽ ሳቁ፤ ሳቁም ቶሎ አለቀ። ብሪታ ግንባሯን ላሟ ጎን ላይ አስደገፈችና ወደ እኔ ዞረች።

«ኬንት፣ አንተስ? ዛሬ እንኳ አፍህን ክፈት። እኔ ከሌለሁ ትችለዋለህ?»

እኔ ብዙ አልናገርም። ትምህርቱንም ቀድሜ ነው የተውኩት፤ ስለ ኮሌጅ ምን እላታለሁ? ግን አንድ ነገር አስተውዬ ነበር። ስለ ዩኒቨርሲቲው ስታወራ እንደ ማንኛውም ሰው ነው የምታወራው። ዊትኮምን ስታነሳ ግን ሰው የሚነጥቃት ይመስል ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

ያልታለቡትን ላሞች አየሁ። አንድ ሙሉ ረድፍ ቀርቶናል፤ ክንዴ ከአሁኑ ዝሏል።

«እችላለሁ» አልኩ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«እችላለሁ አልኩሽ እኮ።»

አባቴ ለረጅም ጊዜ አየኝ። እንደማልችል ያውቃል። «የማለቢያውን ማሽን ለላሟ አድርግላት» አለኝ፣ «ቆማ እየጠበቀችህ ነው።»

በማግስቱ ብሪታ ወይን ጠጁን ሹራብ ለብሳ ሄደች። ቀዩን አባቴ ወሰደውና በረት ሲገባ ይለብሰው ጀመር። በኦገስት መጨረሻ እናቴ በመኪና ዊትኮም አደረሰቻት። በኖቬምበር ላሞቹን ሸጥን።