ኑንካዬጋ የሚባል ስም

የስልክ ማውጫ ይታተም በነበረበት ዘመን፣ በቫዬሴኮ ከተማ ሮድሪጌዝ የሚባሉት አራት ገጽ ተኩል ሲይዙ ኑንካዬጋ አንድ መስመር ብቻ ነበረው። ያ መስመር ዶን ኤቬሊዮ ነው። ኮርቻ ሰሪ ነው፣ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ ሚስቱን ቀብሯል፣ ወንድሞቹ ሳይወልዱ አልፈዋል፤ ለእሱም ያለችው አንዲት ሴት ልጅ ናት። ስሙ በአገሩ ቋንቋ “መቼም የማይመጣ” ማለት ነው። ዶን ኤቬሊዮ ይህን ስም ውሸታም ለማድረግ ሲል ዕድሜ ልኩን የትም ቦታ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል። ቅዳሴ ላይ በሩ ሳይከፈት፣ ሠርግ ላይ ሙሽራዋ ፀጉሯን ሳትሠራ። አንዴማ ለቀብር ቀድሞ ደርሶ፣ ሟቹን ገና ሲያጣጥር አግኝቶታል፤ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ቂም ይዞበታል።

አሁን ልጁ ያሚሌ የስምንት ወር እርጉዝ ናት። ልጅ ሁለት የቤተሰብ ስም ይዞ ነው የሚመዘገበው፤ ፊት ያለው ወደ ልጅ ልጅ ይሻገራል፣ ኋላ ያለው አንድ ትውልድ ቆይቶ ይረግፋል። ድሮ ፊት የሚቀመጠው ያለ ጥያቄ የአባት ስም ነበር። አዲሱ ሕግ ግን ወላጆች ተስማምተው ያስቀድሙ፣ ካልተስማሙ መዝጋቢው ዕጣ ያውጣ ይላል። ዶን ኤቬሊዮ ይህን በሬዲዮ የሰማ ዕለት መዶሻውን ጥሎ አለቀሰ። ግማሹ ደስታ ነው፤ ግማሹ መዶሻው እግሩ ላይ ስላረፈ ነው።

እንቅፋቱ የልጁ ባል ፈርኔይ ሮድሪጌዝ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ሾፌር ነው፤ ከቫዬሴኮ ቡካራማንጋ በቀን ሁለቴ የሚመላለስ አውቶቡስ ይነዳል።

“ይቅርታ ያድርጉልኝና ዶን ኤቬሊዮ፣” አለው፤ “ልጄ አድጎ እንደኔ መሪ ቢጨብጥ፣ ደረቱ ላይ ‘መቼም የማይመጣ’ የሚል ለጥፎ ማን ይሳፈርለታል?”

“ሐኪም ቢሆንስ?”

“ሐኪምማ ከሆነ ይባስ! ምጥ የያዛት ሴት ‘ማን ሐኪም ነው የሚመጣልኝ?’ ስትል ምን ሊሏት ነው?”

ከፈርኔይ የባሰችው ደግሞ እናቱ ዶኛ ኤርሲሊያ ናት። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ግማሹን ከተማ ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ስለሆነች ግማሹ ከተማ እስከ ዛሬ ሲያያት ጥፍሩን ይደብቃል። ሮድሪጌዝ የሚለውን ስም ስትጠራ አንገቷ በአንድ ጣት ይረዝማል።

“ሮድሪጌዝ እንደ ዳቦ ነው፣ የትም አለ፣ ማንም አያፍርበትም፣” ትላለች። “የእርስዎ ስም ግን የሚያስነጥስ ቅመም ነው።”

“ቅመም የሌለው ምግብ ማን ይበላል?”

“የራበው ሁሉ!”

ዶን ኤቬሊዮ ግን መመኪያ አለው። የቅድመ አያቱ አባት በነጻነቱ ጦርነት ጊዜ መልእክተኛ ነበር። “ቫዬሴኮን አቃጥሉ” የሚል ደብዳቤ አድርስ ተባለ፤ እሱ ግን የትውልድ አገሩ አሳዝኖት ሆን ብሎ መንገድ ላይ ቀረ። ከተማዋ ተረፈች፣ እሱም በዚሁ ተጠራ። ታሪኩ በየዓመቱ አንድ ነገር ይጨመርበታል፤ ዘንድሮ ፈረሱ ነጭ ሆኗል።

ጭቅጭቁ ያሚሌን አንገፈገፋት። አንድ ቀን ሆዷን ይዛ መሀላቸው ቆመች።

“ዕጣ ብሎ ነገር የለም፣ ልጄ ቶምቦላ አይደለም! የደብሩ መዝገብ ይታይ። አባባ፣ ስሙ በክብር የመጣ ከሆነ ኑንካዬጋ ይቀድማል። ካልሆነ ሮድሪጌዝ ይቀድማል፤ እርስዎም ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አይሉም።”

ዶን ኤቬሊዮ እየሳቀ የፈርኔይን እጅ ጨበጠ። የተሸነፈ ሰው እጅ የጨበጠ መስሎት ነበር።

የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ ኦዲሎን አሮጌ መዝገብ ሲያገላብጥ ሦስት ሳምንት አስነጠሰው። በመጨረሻ ማኅተም ያረፈበት ፖስታ ይዞ ኮርቻ ቤቱ ድረስ መጣ።

“ዶን ኤቬሊዮ፣ ለብቻዎ ሆነው ቢያነቡት ይሻላል።”

“ትሕትና ልታስተምረኝ ነው?”

“እኔ ምንም አልወጣኝም፣” አለና ኦዲሎን ውልቅ አለ።

ያሚሌም “አባባ፣ መጀመሪያ ይክፈቱት” ብላው ነበር። “ልክፈተውና ነካክቶታል ይበሉኝ?” አላት። እንዳሸገው እሑድ ምሳ ላይ ይዞት ቀረበ። በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለው የበቆሎ ሊጥ፣ ታማሉ፣ ተደርድሯል፣ ሁሉም ተቀምጧል። ዶን ኤቬሊዮ ተነሥቶ ፖስታውን ለዶኛ ኤርሲሊያ በሁለት እጁ አቀረበ። ይህን ሳምንት ሙሉ ሲያልመው የሰነበተ ነው፤ የኑንካዬጋን ክብር ከጠላት አፍ ሊሰማ።

“አስተማሪያችን እርስዎ ነዎት፣ ያንብቡልን።”

ዶኛ ኤርሲሊያ መነጽሯን አደረገች። የጻፈው የዛሬ ሁለት መቶ ምናምን ዓመት የነበረ ቄስ ነው።

“‘ዛሬ የሸማኔዋን የሮሴንዳን ልጅ ኢግናሲዮን አጠመቅሁ። የአባቱ ስም ማን ይባላል ብላት፣ ራሱ መጥቶ ያስመዘግባል አለች። በቅሎ ነጂ ነው አሉ። ቦታውን ባዶ ተውኩለት።’”

“በቅሎ?” አለ ዶን ኤቬሊዮ። የነጩ ፈረስ ጆሮ ዓይኑ እያየ ረዘመ።

“‘ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛውን አጠመቅሁ። ይመጣል አለች። ሦስተኛዋን አጠመቅሁ። ይመጣል አለች። ጋብቻቸውን ሦስት እሑድ በቅዳሴ ላይ አወጅኩ፤ በሠርጉ ቀን ሙሽራዋ ብቻዋን ቆመች። አምስተኛውን ሳጠምቅ ትዕግሥቴ አለቀና በአምስቱም ባዶ ቦታ ላይ መቼም የማይመጣ ብዬ ጻፍኩ።’”

“አምስት ጊዜስ መጥቷል!” አለ ፈርኔይ ሳያስበው።

“ለዚያማ ይመጣሉ፣” አለች ዶኛ ኤርሲሊያ ከወረቀቱ ቀና ሳትል። ከዚያ ድምፅዋ ቀነስ አለ። “‘ሮሴንዳ የጻፍኩትን ባነበብኩላት ጊዜ ተቆጣች። በኋላ ግን፣ ልጆቼ ስም ከሚያጡ ይኸም ስም ነው አለችኝ። አምስቱንም በሽመናዋ ብቻዋን እያሳደገች ነው። አምስቱም ጫማ አላቸው።’ አለቀ። ማኅተም አለው።”

የዶን ኤቬሊዮ ፊት ገና እንዳልተቀባ የኮርቻ ቆዳ ነጣ። መልእክተኛ የለ፣ ደብዳቤ የለ፣ የተረፈ ከተማ የለ። አፈረ፤ እንደዚህ አፍሮ አያውቅም።

“ቃል ቃል ነው፣” አለ። “ሮድሪጌዝ ይቅደም።”

እውነቱን ለመናገር ያሳዝናል፤ ዕድሜ ልኩን የጠበቀው ስም አንድ ምሳ ሳይጨርስ ሞተበት። ያሚሌ አፏን ልትከፍት ስትል ግን ዶኛ ኤርሲሊያ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

“ሮድሪጌዝ ጎማ ልግዛ ብሎ ነው የወጣው፣” አለች።

ማንም አልገባውም።

“የፈርኔይ አባት። ሞተ ብዬ የነገርኳችሁ። አልሞተም። ጎማ ልግዛ ብሎ ቡካራማንጋ ወረደ። ከወጣ ዘንድሮ ሃያ ስድስት ዓመቱ።”

የፈርኔይ ሹካ አየር ላይ ቀረ። “በየዓመቱ መቃብሩ ላይ አበባ የምናኖርለት ሰውዬስ ማን ነው እማማ?”

“አላውቀውም። ዘመድ አልነበረውም፤ አበባ ማግኘቱ ምን ይጎዳዋል?” የመነጽሯን እጀታ አጥፋ ዘረጋችው። “ልጄን አባቱ ጥሎት የሄደ ከሚሉት፣ የሙት ልጅ ቢሉት ይሻላል ብዬ ነው። ስሙን እንደ ታቦት ተሸክሜ ዞርኩ፤ እሱ እኮ ዘወር ብሎም አላየው።”

ፈርኔይ ሹካውን አስቀመጠ። ተቆጥቶ ይሁን አዝኖ ፊቱ ላይ አይነበብም ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ወንበሩን ወደ እናቱ ወንበር አስጠጋና እጇን ያዘ።

“ኑንካዬጋ ይቅደም፣” አለ። “ቢያንስ እሱ አይዋሽም።”

ዶን ኤቬሊዮ አሸንፎ ነበር፤ ግን እንዴት እንደሚደሰት ጠፋው። የራሱን ታማል አንሥቶ ዶኛ ኤርሲሊያ ሳህን ላይ አስቀመጠ፣ “ይብሉ፣ ይበርድብዎታል” ብሎ አቀርቅሮ ቀረ።

የተወለደችው ሴት ናት። ሊያስመዘግቧት አምስቱም፣ ሕፃኗን ጨምሮ፣ አብረው ሄዱ። መዝጋቢው የዶኛ ኤርሲሊያ የድሮ ተማሪ ነው፤ ሲያያት ብድግ ብሎ ተቀመጠ።

“ሮሴንዳ ኑንካዬጋ ሮድሪጌዝ፣” ብሎ አነበበ። “ተስማምታችኋል? ትምህርት ቤት ይስቁባታል እኮ።”

“የሳቀውን ወደ እኔ ላከው፣” አለች ዶኛ ኤርሲሊያ። “አሁን ደግሞ የእኔን መታወቂያ አውጣ። ‘የሮድሪጌዝ ባለቤት’ የሚለውን ሰርዝልኝ።”

“በምን ልተካው የኔታ?”

“በምንም። መጠበቁን ጨርሻለሁ።”