ነጋሪትና ጥገኞቹ

ሰፈሩ የሚያውቀው «ነጋሪት» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በአውቶቡስ መናኸሪያ የመኪኖችን መነሻና መድረሻ በድምፅ ማጉያ ሲናገር የኖረ ሰው ነው፤ ቤቱ ሲገባም ማጉያው ጉሮሮው ውስጥ የቀረ ይመስል ነበር። ጨው አቀብሉኝ ሲል ጎረቤት ይሰማዋል። ዓምና ጉሮሮው ላይ እባጭ ተገኝቶ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ድምፁም አብሮ ሄደ። ሐኪሙ «ነፍሱን አትርፈናል፤ ድምፁ ግን አይመለስም» አለ።

ነጋሪት በወረቀት መነጋገር ጀመረ። ችግሩ የእጅ ጽሑፉ ነበር፤ ዶሮ የጫረችው መሬት ከእሱ ወረቀት ይበልጥ ይነበባል። አንድ ቀን «ሻይ» ብሎ ጽፎ ለሚስቱ ሰጣት፤ እሷም ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ዘርግታ አየችና ሻሽ አምጥታ ራሱ ላይ አሰረችለት። ብርድ የመታው መስሏት ነው። እሱም ለማስረዳት ደክሞት ሻሹን እንዳሰረ ዋለ። እያደር መጻፉንም ተወው። ግድግዳ ሲያይ ይውላል፣ ሲመሽ ይተኛል። በየቀኑ እየመጣ ሲከራከረው የኖረው ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካዩም ለብቻው ማውራቱ ቢጨንቀው እግሩን አሳጠረ።

ነገሩ ከሁሉ በላይ ያንገበገበው ሴት ልጁን ነው። ልጅቱ ሰው ሠራሽ ጥርስ የምትሠራ ባለሙያ ናት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ክሊኒኩ በአዲስ የተካውን አሮጌ ኮምፒዩተር በታክሲ ጭና መጣች፤ ሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ገመዱን ሁሉ ሰካካች።

«አባዬ፣ በዚህ ታወራለህ» አለችው።

ነጋሪት ትከሻውን ሰበቀና ወደ ግድግዳው ዞረ።

ኮምፒዩተሩ አርጅቶ ስለነበር ሰው ሁሉ የሚጠቀምበትን ከባድ ፕሮግራም አይችልም። ስለዚህ ልጅቱ የመረጠችው ቀለል ያለ መጻፊያ ነበር፤ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች በትርፍ ጊዜያቸው ሠርተው፣ የውስጥ አሠራሩን ለማንም ክፍት አድርገው በነፃ የለቀቁት።

«አሁን መጻፊያውን ልጭንበት ነው» አለች።

«ኧረ ምንም አትጫኚበት፤ ባዶውን ቆሞ እንኳ ያቃስታል» አለች እናትየው። እውነትም የኮምፒዩተሩ ማቀዝቀዣ እንደ አስም በሽተኛ ነበር የሚተነፍሰው።

ልጅቱ ፕሮግራሙን ከኢንተርኔት አወረደችና ትእዛዙን ጻፈች። ኮምፒዩተሩ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ጥቁሩ ገጽ ላይ አንድ መልስ ብቅ አለ።

«ምን አለ?» አለች እናት።

«አልገባም አለ። ጥገኛ አለው።»

«ጥገኛ? የሆድ መድኃኒት ይስጡታ።»

«እሱ አይደለም እማዬ። አብሮት መኖር ያለበት ሌላ ፕሮግራም አለ ማለት ነው። ያለ እሱ አይሠራም።»

«እንግዲያው ጥሪው፤ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ጠራችው። የተጠራውም እሱ ብቻውን እንደማይመጣ፣ የእሱም ጥገኛ መቅደም እንዳለበት አስታወቀ። ሦስተኛው ተፈልጎ ሲመጣ ደግሞ ቤት ውስጥ ያለው አራተኛው አርጅቷልና ከእሱ ጋር አንድ ጣራ ስር አልኖርም አለ። አራተኛው በአዲስ እንዲተካ ሲታዘዝ፣ አስቀድሞ ሦስተኛው ካልገባ ንቅንቅ አልልም አለ።

እናትየው ወንበሯን ስባ ቀረበች። «ቆይ፣ ይኼኛው ያኛው ካልገባ አልገባም አለ?»

«አዎ።»

«ያኛውስ?»

«ይኼኛው ካልገባ አልገባም አለ።»

«ይኸው የአክስቶችሽ ነገር» አለች እናት። «እኔና አባትሽ የተጋባን ዕለት ሁለቱ በር ላይ ቆመው አንቺ ቅደሚ፣ አንቺ ቅደሚ ሲባባሉ ምሳው አለቀ።»

ልጅቱ ሳቋ አመለጣት። እናትየውም የልጇን ሳቅ አይታ ሳቀች። ልጅቱ እንባዋን እየጠረገች ደግማ ሞከረች፤ ኮምፒዩተሩ ያንኑ መለሰ፤ ሁለቱም እንደገና በሳቅ ፈረሱ። እናት ጎኗን ይዛ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች።

ሳቅ መቼም ይጋባል። ነጋሪት ከግድግዳው ዞሮ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። መነጽሩን አድርጎ ጥቁሩን ገጽ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ዕድሜውን ሙሉ ማስታወቂያ እስከ መጨረሻው መስመር ሳያነብ ማይክ ጨብጦ አያውቅም። ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና ከታች ያለችውን አንዲት መስመር በጣቱ አሳየ።

ልጅቱ ጎንበስ ብላ አነበበች። «እንዲህ ብለሽ እዘዢኝ፤ የጎደሉትን ሁሉ ራሴ ሰብስቤ አመጣለሁ ይላል» አለች። «አባዬ፣ ከመጀመሪያው እዚሁ ተጽፎ ነበር እኮ።»

እንደተባለችው አዘዘች። ገጹ ድንገት ነፍስ ዘራ። ስም በስም ላይ እየተደራረበ ከታች ወደ ላይ ይጎርፍ ጀመር፦ ወረደ፣ ተፈታ፣ ገባ፤ ወረደ፣ ተፈታ፣ ገባ። ነጋሪት ዓይኑን አፍጥጦ አየና ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀኝ እጁን ማይክ እንደያዘ ሰው አፉ ላይ አደረገ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም፤ ግን እያንዳንዱ ስም ሲመጣ በግራ እጁ ወደ ውስጥ ያስተናግዳል። መኪና እያስገባ ነው።

ሚስቱ ይህን ስታይ ከምንጣፉ ተነሥታ አጠገቡ ቆመች። «የፈረንጅ ፊደል ቅርጽ ይዞ የመጣው በሁለተኛው በር ይግባ» አለች አፍንጫዋን ይዛ፤ የመናኸሪያውን ድምፅ ማጉያ መምሰሏ ነው። «መንገደኞች ሻንጣችሁን አትርሱ። የቁልፍ ሰሌዳው ዘግይቷል፤ ስለ መዘግየቱ ሾፌሩን ጠይቁ።» ነጋሪት ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ሲስቅ ያዩት ያን ጊዜ ገና ነው። ልጅቱ የእናቷን መቀለድ ትየው ወይስ የአባቷን መሳቅ፣ ዓይኗ ሁለት ቦታ ሆነ።

መጻፊያው ተከፈተ። ልጅቱ ለሙከራ የራሷን ስም ብትጽፍ ባዶ ሳጥኖች ተደረደሩ።

«ምነው መስኮት ብቻ ሆነ?» አለች እናት።

«የእኛን ፊደል አያውቅም ማለት ነው። ፊደሉንም ለብቻው መጥራት አለብኝ።»

«ይጠራ፤ እንግዳ መጥራት እንደሆነ ለምደናል።»

ፊደሉ ገባ፣ ሳጥኖቹም ስም ሆኑ። ልጅቱ አባቷን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ ሁለት ሁለት ቁልፍ እየነካ ፊደል እንዴት እንደሚያወጣ አሳየችው። እሱ በአንድ ጣት፣ ምላሱን ወደ ጥግ አውጥቶ፣ ጉንዳን እንደሚለቅም ሰው ቁልፎቹን እያሳደደ ጀመረ። እናትና ልጅ ግን አላስቻላቸውም፤ «እዚህ ጋ ነው»፣ «ኧረ ያኛው»፣ «አታዋክቢው» ይላሉ።

ገጹ ላይ እንዲህ የሚል ተጻፈ፦

ዝም በሉ እስቲ እያወራሁ ነው

እናትና ልጅ እጃቸውን ከቁልፎቹ ላይ አነሡ። ሚስቱ እጇን ትከሻው ላይ አሳረፈች። እሱ ግን ስሜታቸው እስኪበርድ የሚጠብቅበት ጊዜ አልነበረውም፤ የዓመት ወሬ ተጠራቅሞበታል። የመኝታ ቤቱ በር ሲጢጥ ማለቱ እንዳሳበደው ጻፈ። ጎረቤት ያመጣው ሾርባ ጨው እንደሌለው ጻፈ። ሚስቱ ማስታወቂያውን በጥሩ ሁኔታ እንዳነበበች፣ ሆኖም ድምፁ ከሆድ እንጂ ከአፍንጫ መውጣት እንደሌለበት ጻፈ።

«እኔን ልታስተምረኝ ነው?» አለች እሷ፤ ፊቷ ግን በርቷል።

ከቤት የወጣው ሳቅ ፀጉር አስተካካዩን ከነሽርጡ አመጣው። በሩ ላይ ቆሞ «ደኅና ናችሁ? ምን ተገኘ?» አለ። ነጋሪት ወንበር እንዲስብ በእጁ ጠራውና ጻፈለት፦ ጠፍተህ የሰነበትከው ያኔ በድልድዩ ክርክር ስለተሸነፍክ ነው።

ሰውየው አነበበ፣ ደግሞ አነበበ። «ማን? እኔ?» አለ ወንበሩን እየሳበ። «ከአሮጌው ድልድይ በፊት እዚያው ወንዝ ላይ ሌላ ድልድይ ነበር ስልህ ራስህ አምነህ የለም እንዴ?»

ነጋሪት ቁልፎቹን ማሳደድ ጀመረ። ፀጉር አስተካካዩ ግን የሚጠብቅ ሰው አይደለም፤ አያቱ በዚያ ድልድይ ከብት እንዳሻገሩ፣ ምሰሶውን በዓይኑ እንዳየ እያከታተለ ያወራል። ነጋሪት አንድ ቃል ሳይጨርስ ሦስት ማስረጃ ይመጣበታል። ፊቱ ቀላ። በመጨረሻ የጀመረውን ሁሉ ሰርዞ ለልጁ ጻፈላት፦

ሰው ሲቆጣ ፊደል የሚያሳድግበት የቱ ነው

አሳየችው። እሱም አንዲት ቃል ጻፈና ያችን ቁልፍ ደጋግሞ ተጫነ። ቃሏ አደገች፣ ወፈረች፣ ዳር እስከ ዳር ገጹን ሞላች፤ ፀጉር አስተካካዩም ወሬውን በመሃል አቋርጦ ወደ ኋላ ለጠጥ አለ።

ውሸት

«አትጩህብኝ እንጂ» አለ ፀጉር አስተካካዩ፤ ሽርጡንም ፈትቶ ወንበሩ ላይ አንጠለጠለ።